ማጫወቻው ደረሰ፣ መደብሩ ቀረ

በእኛ ዲፓርትመንት አዲስ ዘፈን ሲወጣ «አለህ? ላክልኝ!» መባባል እንጂ «ገዛኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። የማታ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ደባርቅ ውስጥ ዘፈን እየጫንኩ እሸጥ ስለነበር ከማንም በፊት ተጠያቂው እኔ ነኝ። ለመሆኑ አዲስ ዘፈን ማግኘት እንዲህ ሲቀል መግዛት ለምን ከበደ?

ከሰማይ የሚመጣ ራዲዮ

እንደሚታወቀው የኤፍ ኤም ሞገድ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። ተራራ ከጋረደው እዚያው ይቀራል። ጎንደር ከተማ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ በሰሜን ተራሮች ገደላ ገደል ሲወርዱበት ይንሿሿል፣ ከዚያም ይጠፋል።

በጥቅምት 1991 ዓ.ም. አፍሪስታር የተባለች ሳተላይት ወደ ህዋ ተላከች። ባለቤቷ ወርልድስፔስ የተባለ ኩባንያ ሲሆን መሥራቹም አዲስ አበባ የተወለደው ኖህ ሳማራ ነው። ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትቀመጥ ድምፁ የሚወርደው ከላይ ነው። ተራራ ብዙም አያግደውም።

አጎቴ ይህን መቀበያ ነበረው። ጠፍጣፋ አንቴናውን መስኮት ላይ አስቀምጦ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዞረዋል። የኮንጎን ጊታርና የማሊን ኮራ መጀመሪያ የሰማሁት በዚያ ነው። ታዲያ ዘፈኑን ወደድኩት እንበል፣ ከየት ልግዛው? ጎንደር ፒያሳ ካሴት ቤት ገብቼ ስጠይቅ ሻጩ ሳቀብኝ። ወርልድስፔስ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ፤ አገልግሎቱም ከዚያ በኋላ ቀረ።

ዘፈን ኪስ ውስጥ እንዴት ገባ?

ሲዲ ላይ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። በዚህ ስሌት የ4 ደቂቃ ዘፈን 40 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ኤምፒስሪ ግን ጆሯችን የማይለየውን ይጥላል። ለምሳሌ ከበሮ ጮክ ብሎ ሲመታ በዚያችው ቅጽበት ያለች ለስላሳ የማሲንቆ ድምፅ ትሸፈናለች፤ እሷን በዝርዝር መመዝገብ አያስፈልግም። በዚህ መንገድ ዘፈኑ ወደ 4 ሜጋባይት ይወርዳል። ባለ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ 250 ያህል ዘፈን ቻለ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ወርልድስፔስም ድምፁን ከሳተላይት ይልክ የነበረው በዚሁ በኤምፒስሪ ዘዴ ነው።

በውጭው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2001 አይፖድ ወጣ፤ በ2003 ደግሞ አንድ ዘፈን በ99 ሳንቲም የሚሸጥ የአይቱንስ መደብር ተከተለው። ማጫወቻውና መደብሩ ተያይዘው ሄዱ። ወደ እኛ የመጣው ግን ማጫወቻው ብቻ ነው። በኢንተርኔት የሚከፈልበት ካርድ የማን ኪስ ውስጥ ነበር? ክፍተቱን የሞላነው እኛ ነን፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ካርድ ሪደር ይዘን።

አንድ ብር

በ2003 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ዘፈን የምጭነው በአንድ ብር ነበር። አንድ ቀን በሠርግ ላይ የማውቃቸው አንድ አዝማሪ ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ያችን የኔን ዘፈን አለች አሉኝ። እስቲ ጫንልኝ።»

«አለች ጋሼ።»

«ስንት ነው?»

አፌ ስለለመደ «አንድ ብር» አልኩ። ከፍለው ሄዱ። ሰውዬው የገዛ ድምፃቸውን ከእኔ ገዙ ማለት ነው! ከዚያ በፊት ያችን ዘፈን ለስንት ሰው እንደሸጥኩ ቁጥሩን አላውቀውም።

ይህ ነገር በባህላችን የተለመደ አይደለም። ጎንደር አጠገብ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር በመሆን ትታወቃለች። አዝማሪ ሲዘፍን የተደሰተ ሰው ተነስቶ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፋል። ሰሚና ከፋይ አንድ ሰው ነው፣ ብሩም መሐል ላይ የሚቀር የለም። እኔ ግን መሐል ገብቼ ብሩን አስቀረሁት።

ሕጉ አልነበረም እንዳይባል፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ ነበር። ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 ደግሞ ሮያሊቲ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን አመጣ። በ2011 ዓ.ም. እነ ኤልያስ መልካ ያቋቋሙት አውታር የተባለ መተግበሪያ ዘፈን በስልክ እንዲገዛ አደረገ፤ መደብሩ ዘግይቶም ቢሆን መጣ ማለት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ግን መደብሩም የለም። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሁላችንም ወደ ፍላሽና ሜሞሪ ተመልሰናል።

ስለዚህ መቀባበሉ ነገም አይቀርም። መክፈል እየተቻለ ግን «ላክልኝ» ማለት ሌላ ነገር ነው። በስልክ መግዛት የሚችል ይግዛ፤ ዘፋኙን በአካል ያገኘም ይሸልም። አምና አንድ ሠርግ ላይ እኒያን አዝማሪ አገኘኋቸውና 100 ብር ግንባራቸው ላይ ለጠፍኩ። መርቀውኝ ስሜን ጠርተው ዘፈኑልኝ። የአንድ ብሯን ነገር ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።