አንድ ጊዜ ተስሎ ብዙ ጊዜ የሚሸጥ ከተማ

ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን የምትገኘው ሰላ ድንጋይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ ነበረች። አንኮበርም የሸዋ ነገሥታት ከተማ ነበረች። ይህን ታሪክ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሲመለስ ምን ገዝቶ ይሄዳል? ነጋዴን የሚመለከተው ጥያቄ ይህ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ከሰጡት መካከል በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት የኖሩት ሠዓሊና ባለሱቅ ወይዘሮ ኤልዛቤት ኦኒል ቨርነር ይገኙበታል።

ወይዘሮ ቨርነር በ1883 እ.ኤ.አ. በቻርልስተን ከተማ ተወለዱ። በፊላደልፊያ የሥዕል ትምህርት ተከታትለው በ1907 ትዳር መሠረቱ። በ1925 ባለቤታቸው ሲሞቱ ሁለት ልጆች የማሳደግ ኃላፊነት በእሳቸው ላይ ወደቀ። እስከዚያ ድረስ የትርፍ ጊዜ ሥራቸው የነበረው ሥዕል ከዚያ በኋላ የቤቱ መተዳደሪያ ሆነ። በትራድ ጎዳና በነበራቸው ስቱዲዮ ሥራዎቻቸውን ራሳቸው ለጎብኚዎች ይሸጡ ነበር። በ1939 እና በ1941 ደግሞ ስለ ከተማቸው ራሳቸው ጽፈው በራሳቸው ሥዕል ያስጌጧቸውን መጻሕፍት አሳተሙ።

የንግዱ ምስጢር ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ወይዘሮዋ ከሚታወቁባቸው ሥራዎች አንዱ ኢቺንግ የሚባለው የኅትመት ሥዕል ነው። የመዳብ ሰሌዳ በሰም ይቀባል፤ በሰሙ ላይ በመርፌ ይሳላል፤ ከዚያም ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ መርፌው የነካው መስመር ብቻ ተበልቶ ይጎደጉዳል። በጎድጓዳው ቀለም ተሞልቶ እርጥብ ወረቀት ሲጫንበት ሥዕሉ ይወጣል። ትልቁ ድካም የሚወጣው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ቀለምና የማተሚያ ጉልበት ነው። ስለዚህ ኪሱ ያልደለበ መንገደኛም የሠዓሊዋ ፊርማ ያለበት ሥራ ሊገዛ ይችላል።

ይህን በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ባህላዊ ሥዕል ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ትናንሽ ክፍሎች ተከፍሎ በጨርቅ ላይ ሲሳል ሠዓሊው ለእያንዳንዱ ገዢ 44ቱንም እንደገና በእጁ ይሠራል። ሁለተኛው ሥዕል የመጀመሪያውን ያህል ጊዜ ይፈጃል። ሥራው ክቡር ቢሆንም ገቢው ከሠዓሊው የሥራ ሰዓት አያልፍም።

ሁለተኛው ነጥብ ጥሬ ዕቃን ይመለከታል። የወይዘሮ ቨርነር ጥሬ ዕቃ የቻርልስተን አሮጌ ቤቶች ነበሩ። ከተማዋ በ1865 ካበቃው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በመደኽየቷ አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብ አልነበራትም፤ ቤቶቹ የተረፉትም በዚሁ ምክንያት ነበር። የማፍረሱ ዘመን ሲመጣ በ1920 የአሮጌ መኖሪያ ቤቶች ጥበቃ ማኅበር ተቋቋመ፤ ወይዘሮ ቨርነርም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ነበሩ። በ1931 የከተማው አስተዳደር ታሪካዊውን ሰፈር ከልሎ የሚጠብቅ ደንብ አወጣ። ደንቡ በአሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። ቤቱ ከፈረሰ የሚሳለውም ሆነ ጎብኚውን የሚስበው ነገር አብሮ ይጠፋል።

በከተማው መንገድ ላይ አበባ የሚሸጡ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችም በወይዘሮዋ ሥዕሎች በብዛት ይታያሉ። ሻጮቹን ከመንገድ ለማንሳት በታሰበ ጊዜ ወይዘሮዋ ተሟግተውላቸዋል። ይሁን እንጂ መልካቸው በሱቅ ሲሸጥ ሴቶቹ ከሽያጩ ምን ድርሻ ይገባቸዋል የሚለው ጥያቄ በየትኛውም የቱሪስት ገበያ ዛሬም የሚነሳ ነው።

ወይዘሮ ቨርነር በ1979 በ95 ዓመታቸው ዐረፉ። የሳውዝ ካሮላይና ግዛት ለኪነ ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠው ሽልማት በስማቸው ተሰይሞ ነበር።

በሰሜን ሸዋ ገንዘቡን ለማውጣት ለሚያስብ ባለሀብት ከዚህ የሚገኘው ሂሳብ ግልጽ ነው። ሰሌዳና ማተሚያ በገንዘብ ይገዛሉ፤ ጥሩ እጅ ያላት ሠዓሊም ተፈልጋ ትገኛለች። በገንዘብ የማይተካው የሚሳለው ቦታ ነው። ስለዚህ ከሱቁ ኪራይ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የድሮው ቤት፣ የድሮው ግንብና የድሮው ደብር እንዳለ የሚቆይ መሆኑ ነው። ላሟ ከታረደች በኋላ የወተት ገበያ ማፈላለግ ትርፍ የለውም።