ሚያዝያ 27፦ ጠላት የገባበትም፣ ድል የሚዘከርበትም ዕለት

በደጎሎም ሆነ በሌሎች ከተሞች መሥሪያ ቤቶች የሚዘጉበት የአርበኞች የድል ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ አስቀድሞ የሐዘን ዕለት ነበር። በ1928 ዓ.ም. በዚሁ ቀን በማርሻል ባዶሊዮ የሚመራው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ከአምስት ዓመት የአርበኞች ተጋድሎ በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዋና ከተማዋን ከኢጣሊያ አስለቀቀ። በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል የመጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። የቀኑ መገጣጠም እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም፤ ጠላት በፎከረበት ዕለት ሰንደቅ ዓላማን መልሶ መስቀል የራሱ ትርጉም አለው።

ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ኋላ ወደ ቀድሞው ቀን ተመልሷል። ጎንደር ግን ሁለቱንም ዕለታት ያሳለፈችው በጠላት እጅ ሆና ነው፤ በዚያ የነበረው የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር።