የመብቱ ስምና የአቤቱታው ቃል፦ የኦምዱርማን ዘፈን በሕግ ቋንቋ ውስጥ

የሱዳን ሕግ በ1974 ሲወጣም ሆነ በ1996 እና በ2013 ሲተካ (ከኢትዮጵያ ሕጎች በቀር ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) መብቱን የሚጠራው «ሐቅ አልሙአሊፍ»፣ ማለትም የደራሲ መብት፣ ብሎ ነው። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ «የቅጅና ተዛማጅ መብቶች» ይላል። ዐረብኛው ሰውን ይጠራል፤ አማርኛው ድርጊትን። ይህ የተርጓሚ ምርጫ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ዜጎች ሕጉ እንዲወጣ ወይም እንዲሻሻል መንግሥትን ሲጠይቁ ማን ቀድሞ እንደሚናገርና በማን ላይ እንደሚናገር በስሙ ውስጥ አስቀድሞ ይታያል።

በኢትዮጵያ የሙዚቀኞች ጩኸት ለብዙ ዘመን ያነጣጠረው ካሴት በሚያባዛው ላይ ነበር፤ በደሉም፣ ስሙም «ቅጅ» ነው። ስለ ሮያሊቲና ስለ ጋራ አስተዳደር የሚደነግገው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ሲመጣ ነው ክርክሩ ዘፈኑን ወደሚጠቀምበት አካል፣ ወደ ማሠራጫውም፣ የሰፋው።

በኦምዱርማን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከተማዋ ከ1940 ጀምሮ የሱዳን ሬዲዮ መቀመጫ ናት። የሬዲዮ አስተዋዋቂ ዘፈን ሲያቀርብ «ካሊማት» ብሎ ገጣሚውን፣ «አልሓን» ብሎ የዜማውን ባለቤት፣ «አዳእ» ብሎ ዘፋኙን ይጠራል። ገጣሚው ቀዳሚ ነው። ስለዚህ በሱዳን ጎልቶ የሚሰማው አቤቱታ የገጣሚዎችና የወራሾቻቸው ነው፤ እገሌ ግጥሜን እንዳይዘፍን የሚል። ዘፋኙ በሕጉ ውስጥ ያለው «ሙጃዊር» በሚለው ቃል ሥር ነው፤ ጎረቤት ማለት ነው። አማርኛው እዚህ ላይ ለጋስ ነው ማለት ይቻላል፤ «ተዛማጅ» ብሎ ከአጥር ውጭ ያለውን ጎረቤት ወደ ዝምድና አግብቶታል።

የመጠየቂያው ቃልም ሁለት ነው። «ሸክዋ» የተበደለ ሰው ስሞታ ነው። «ሙዘኪራ» ግን ለባለሥልጣን በጽሑፍ የሚቀርብ የጋራ ጥያቄ ነው፤ በሱዳን ይህ ቃል ትልቅ ትዝታ አለው። መነሻው የኦምዱርማን የምሩቃን ክበብ የሆነው የምሩቃን ጉባኤ በሚያዝያ 1942 ለእንግሊዝ አስተዳደር ባለ 12 ነጥብ ሙዘኪራ አቅርቦ ተቀባይነት አጥቷል። አማርኛ «አቤት» ከሚለው ጥሪ በወጣው «አቤቱታ» ሁለቱንም ይሸፍናል፤ የግል በደልና ሕግ ይለወጥ ማለት በአንድ ቃል ሲጠሩ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ተቆጥሮ ወደ ፍርድ ቤት ሊላክ ይችላል። የሱዳን ገጣሚዎችም ዐረብኛው ልዩነቱን ቢሰጣቸው ብዙውን ጊዜ የሚታወቁት በሸክዋው ነው።

ከሁለቱም ውጭ የቀረ ድምፅ አለ። «አጋኒ አልበናት» የሚባሉት የሴቶች ዘፈኖች በደሉካ ከበሮ ታጅበው በሠርግ ላይ ይዘፈናሉ፤ ብዙዎቹ የሚጠራ ገጣሚ የላቸውም፤ ስንኙም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይለወጣል። የ1996ቱ የሱዳን ሕግ ፎክሎርን የመንግሥት ንብረት አድርጎ በባህል ሚኒስቴር ጥበቃ ሥር አኖረው። የኢትዮጵያው አዋጅ «አመንጪ» የሚለው ቃልም እዚህ አይረዳም፤ ምንጩ አንድ ሰው መሆኑን ይገምታልና። ዘፋኟ ግጥሙ ያለፈቃድ ተወሰደ ብትል የምታመለክተው ለራሱ ለባለንብረቱ ይሆናል። ይህ ለሕግ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የቋንቋ ጥናት ቅጂዎች ትልቅ ክፍል እንዲህ ያለ ንግግርና ዘፈን ነውና፣ ፈቃዱ ከማን እንደሚጠየቅ መቅጃውን የያዘ ሁሉ ይገጥመዋል።

ለዘፈን ስም የሚሰጠውም አንዳንዴ ያኖረው ነው። «ሐቂባ» (ቦርሳ) የተባለው የኦምዱርማን የዘፈን ስልት ስሙን ያገኘው ዘፈኖቹ ከተሠሩ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ከተላለፈ የሬዲዮ ዝግጅት ነው። ያ ሬዲዮ ጣቢያ በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲጀመር በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወድቆ ጦሩ ያስመለሰው በመጋቢት 2024 ነው። ስለ መዝገብ ቤቱ ክሮች የተሰማው ሥጋት የገጣሚም፣ የዘፋኝም፣ የአድማጭም ነበር፤ በሕጉ ቃል ግን ከሦስቱ አድማጩ ስም የለውም።