ሳጥኑ የሚረክሰው መብራት ሲጠፋ ነው

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የሚለው ቁጥር ከሰው አፍ አይጠፋም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየካፌውና በየፀጉር ቤቱ የሚሰማው እሮሮ አንድ ነው፤ «ይህ ሁሉ ኃይል እያለ መብራት ለምን ይጠፋል?» መልሱ ብዙ ሐተታ አይፈልግም። ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን እስከ ሰፈር ትራንስፎርመር ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ገንዘቡም ወሬውም ለዓመታት ወደ መጀመሪያው አደላ። በዚህ ላይ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ሽቅብ እየወጣ ነው። ጨምሮ መክፈል አንድ ነገር፣ ጨምሮ ከፍሎ ሻማ ማብራት ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ ብስጭት አንድ ገበያ ተወልዷል። ፓኔሉን፣ ሊቲየም ባትሪውን፣ ኢንቨርተሩንና ቻርጅ ኮንትሮለሩን ከመርካቶ ለየብቻ ገዝቶ፣ እጀታ ባለው የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ የሚገጣጥም ሰው አለ። አንዳንዱ ከቪዲዮ የተማረ የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ አንዳንዱ የሰፈር ኤሌክትሪሻን። የተገጠመው ሳጥን ቀን ሱቅ ይውላል፣ ማታ ቤት ይገባል፤ ድንኳን ሲጣል ደግሞ ለጎረቤት ይዋሳል። ብልህነቱን አደንቃለሁ። ችግሬ ለምን እንደሚያዋጣ ከሚሰጠው ማብራሪያ ጋር ነው።

ማብራሪያው እንዲህ ይላል፤ ታሪፍ ጨመረ፣ ፀሐይ ደግሞ ነፃ ናት፣ ስለዚህ ሶላር ያዋጣል። ከሦስቱ እውነቱ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። ባለ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም 80 በመቶውን ብቻ ብንጠቀም፣ በአንድ ዙር የምናገኘው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ኢንቨርተሩ በሙቀት የሚያባክነውን ለጊዜው እንተወው። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ 80 ሺህ ብር ፈጀ እንበል፤ ቁጥሩ ለስሌት የተመረጠ ነው፣ ከፍ ዝቅ ቢል ነገሩ አይለወጥም። በየቀኑ ይህችን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከመስመር ፈንታ ከሳጥኑ ብንወስድና ታሪፉን 6 ብር ብንለው፣ በዓመት የምናተርፈው 2,190 ብር ነው። ሳጥኑ ወጪውን ለመመለስ 36 ዓመት ይፈልጋል። ታሪፉ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ 18 ዓመት። ባትሪው ያን ጊዜ የለም። ስለዚህ ሳጥን የሚገዛውን ሰው የሚያንቀሳቅሰው የታሪፍ ጭማሪ ነው የሚለው ትንታኔ በአራት መደብ ሒሳብ ይፈርሳል።

እንዲህ የሚተነትኑ ሰዎች የሚሳሳቱት አካፋዩ ላይ ነው። የሳጥኑ ወጪ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚታወቀው ወጪው ባትሪው በተሞላበትና በተራገፈበት ዙር ብዛት ሲካፈል ነው። ባትሪ ደግሞ ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ተቀምጦም ያረጃል። ስምንት ዓመት ይቆያል ብለን በየቀኑ ብንጠቀምበት 2,920 ዙር ይሆናል፤ አንዷ ኪሎዋት ሰዓት 27 ብር ትወጣለች። መብራት በሳምንት ሁለቴ ብቻ ለሚጠፋበት ሰው ግን ዙሩ 832 ነው፤ ዋጋዋ 96 ብር ይደርሳል። ሳጥኑ ያው ነው፣ ባትሪው ያው ነው፣ ዋጋው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ተለያየ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሳጥኑ ይረክሳል፤ መስመሩ በተሻሻለ ቁጥር ይወደዳል። ገዢው ሳያስበው በመብራት መጥፋት ላይ ተወራርዷል ማለት ነው።

ታዲያ በ96 ብር የሚገዛ ሰው ተሞኝቷል? አልተሞኘም፤ እየገዛ ያለው ኪሎዋት ሰዓት ስላልሆነ። የሚገዛው የሥራ ሰዓት ነው። የፀጉር ቤት ቶንዶስ፣ ሁለት አምፖልና ዋይፋይ ተደምረው 50 ዋት ቢወስዱ፣ አራት ሰዓት ለማሳለፍ 200 ዋት ሰዓት ይበቃል፤ ያ ማለት የትልቁ ሳጥን ሲሶ የማይሞላ ባትሪ ነው። 25 ሺህ ብር እንበለው። በሳምንት አራት ሰዓት መብራት ቢጠፋ፣ በሰዓት ሁለት ደንበኛ በ150 ብር ሒሳብ ቢቀር፣ 1,200 ብር ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ ከደንበኞቹ ከፊሉ መብራት ሲመጣ ይመለሳሉ። ፀጉሩ አልተቆረጠማ! ግማሹ ተመልሷል ብንል በወር 2,400 ብር ገደማ በእርግጥ ይጠፋል፤ ሳጥኑ ዓመት ሳይሞላው ራሱን ይመልሳል። ፎቶ ኮፒ ቤት ላይ ስሌቱ ይብሳል፤ ነገ ጠዋት ሰነድ የሚያስገባ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ሥጋ ቤት ደግሞ ሽያጩ ብቻ ሳይሆን ሥጋውም ይሄዳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ሻጮችን አያስደስትም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሳጥኑ ክፍሎች ሁሉ ትንሹን ሥራ የሚሠራው ፓኔሉ ነው። መስመር እያለ ባትሪውን ከግድግዳ ሶኬት መሙላት በኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ብር ነው፤ ያውም በሐምሌ ደመና ሳይታገዱ። 200 ዋት ፓኔል ዘርግቶ ጥላ ሲዞር አብሮ ማዞር፣ ሌባም መጠበቅ፣ ሳምንቱን ሙሉ ተሞልቶ ለተቀመጠ ባትሪ የሚከፈል ልፋት ነው። ከተማው «ሶላር» የሚለው በአብዛኛው ሁለተኛ እጅ የመስመር ኃይል ነው። መስመር በሌለበት ቀበሌ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ባትሪው በየቀኑ ይዞራል፣ አካፋዩ ትልቅ ነው፣ የሚወዳደረውም ከኩራዝ ጋዝና ለስልክ ቻርጅ ከሚከፈል ሳንቲም ጋር ነው። ፀሐይ በእርግጥ የምታዋጣው እዚያ ነው።

አካፋዩ ያን ያህል ከወሰነ፣ ባትሪ የሚገጣጠምበት ያገለገለ ሴል ገበያ አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሴሉ ስንት ዙር እንደቀረው አይታይም። ገጣሚው ቴስተሩን ሴሉ ላይ ያሳርፋል፤ 3.28 ቮልት ያነባል፤ ገዢው አንገቱን ይነቀንቃል። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ሴል ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል ዝርግ ነው፤ አዲሱም ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰውም ከ3.2 እስከ 3.3 ያሳያሉ። የቀረ አቅም የሚታወቀው ጭነት አገናኝቶ፣ ለሰዓታት አራግፎ፣ የወጣውን አምፒር ሰዓት በመቁጠር ነው። ማን ቆሞ ይጠብቃል? ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይኸው ነው፦ ጥሩውና መጥፎው ካልተለየ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይሰጣል፣ ጥሩ ሴል ያለው ሰውም ይዞት ይቀራል። ሳጥኑ ምጣድ ይችል እንደሆነ የሚጠይቁኝም አሉ። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ የሺህ ዋት ኢንቨርተር ገና ሲነካው ይዘጋል፣ ባይዘጋ እንኳ ባትሪው ከ20 ደቂቃ ብዙ አያልፍም።

የሳጥኑ ክፍሎች የሚገዙበትን ዶላር በተመለከተ፦ በ2024 እ.ኤ.አ. የሊቲየም ባትሪ ፓክ የዓለም አማካይ ዋጋ 20 በመቶ ወርዶ ለኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር ሆኗል። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገና በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቅናሹን ምንዛሬው በላው። ሶላር የመስመሩን ደንበኛ ይወስዳል የሚል ስጋትም አለ፤ ፓኪስታን በዚያ ዓመት 17 ጊጋዋት ያህል ፓኔል አስገብታ መንግሥታዊ የኤሌክትሪክ አቅራቢዎቿ ደህና ከፋዮቻቸውን እያጡ ነው፤ እኛ ዘንድ ያ ስጋት ገና ሩቅ ይመስለኛል፣ የከተማችን ሳጥን ከመስመሩ እየሞላ ነውና።

የቀረው ጥያቄ አንድ ሰፈር በወር ስንት ሰዓት ያጣል የሚለው ነው፤ የሳጥኑን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። በመግለጫ የምንሰማው ግን ሜጋዋትና የአዲስ ደንበኛ ብዛት ነው። የመቋረጥ ሰዓት ቢነገረኝም ለማመን እቸገራለሁ። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ሰብስቴሽን ያለው ብሬከር ይመዘግበዋል፤ የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር ፊውዝ ሲበጠስ ግን ሰው ካልደወለ ማንም አያውቀውም፣ ተደውሎም የሚመዘገበው ከተደወለበት ሰዓት ነው። ሳጥን ለመግዛት ያሰበ ባለ ሱቅ መጀመሪያ የግድግዳ ሰዓትና ደብተር ይዞ አንድ ወር የጠፋበትንና የመጣበትን ይጻፍ፤ ከዚያ ወደ መርካቶ ይውረድ።