ድረ ገጽና ኢሜይል ከአዳማ ሳሎን፦ የሚባለውና እውነታው

አዳማ ላይ ሱቅ፣ ባቱ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ለድረ ገጹ በየወሩ በዶላር ከመክፈል ቤት የተቀመጠውን አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቨር ማድረግ ያምረዋል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለሚቸግረው ደግሞ ሐሳቡ ይበልጥ ይጥማል። ይቻላልም። ግን ስለ ጉዳዩ ከሚወራው ብዙው ሰውን የተሳሳተ ቦታ ላይ ያደክመዋል፦ ሁሉም ስለ ማሽኑ ይጨነቃል፤ ሥራውን የሚወስነው ግን አድራሻው ነው።

ተረት፦ «ሰርቨር ማለት ቀዝቃዛ ክፍል የሚፈልግ ትልቅ ማሽን ነው።»

እውነታ፦ የዓለም የመጀመሪያው የድር ሰርቨር በሰርን ቤተ ሙከራ ውስጥ የቲም በርነርስ ሊ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነበር። ሰው እንዳያጠፋው ሰርቨር መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፎበታል። የዕቃ ዝርዝርና ስልክ ቁጥር ለያዘ ገጽ፣ 15 ዋት በሚሰጥ ቻርጀር የምትሠራው ራዝቤሪ ፓይ 4 የተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ትበቃለች። ይልቅስ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚያሰጋው ሙቀቱና አቧራው ነው። ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፤ ሲብስበት ራሱን ያጠፋል።

ተረት፦ «ኢንተርኔቴ ፈጣን ከሆነ ገጼን ዓለም ያየዋል።»

እውነታ፦ ፍጥነት ሌላ፣ አድራሻ ሌላ። አይፒቪ4 የሚባሉት አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው፤ የዓለም አቀፉ ክምችትም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ተሟጧል። ስለዚህ የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ያወጣሉ። ነገሩ ቁጥር እንደሌለው ግቢ ነው፤ ተከራዮቹ እንደልባቸው ይወጣሉ፣ እንግዳ ግን የማንን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። በሲም ካርድ የሚሠራ ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ሰርቨር ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይህ ነው።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 192.168.1.1ን፣ ብሮውዘር ላይ ጽፎ መግባትና «ዋን» (WAN) በሚለው ሥር ያለውን አይፒ ማየት፤ ከዚያም አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ማስተያየት። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ ቁጥር በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ አድራሻው የእርስዎ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው አንድም የድርጅት መስመር ከነቋሚ አይፒው መግዛት፣ አንድም እንደ ክላውድፍሌር ታነል ያለ አገልግሎት መጠቀም ነው። በታነሉ ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚከፍተው ሰርቨሩ ራሱ ስለሆነ የጋራ አድራሻ አያግደውም።

ተረት፦ «የነፋስ ተርባይኑ ደጃችን ነው፤ ስለ መብራት ምን ያሳስበናል?»

እውነታ፦ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ፣ 51 ሜጋ ዋቱ አዳማ አንድም 153 ሜጋ ዋቱ አዳማ ሁለትም፣ ኃይላቸውን የሚያስገቡት ወደ ብሔራዊው ቋት ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ተርባይኑ እየዞረም ቤቱ ይጨልማል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን ግን የላቸውም። ስለዚህ ሰርቨሩ በርቶ ገጹ ይጠፋል። ለ12 ቮልት ራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) እዚህ ላይ ከአዲስ ኮምፒውተር የበለጠ ይጠቅማል።

ተረት፦ «መብራት በሌለበት ሰዓት የተላከልኝ ኢሜይል ጠፍቶ ይቀራል።»

እውነታ፦ አይቀርም። የኢሜይል ደንቡ ላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ካጣ ደጋግሞ እንዲሞክር፣ ተስፋ ከመቁረጡም በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲጠብቅ ይላል።

ተረት፦ «መቀበል ከቻልኩ መላክም አያቅተኝም።»

እውነታ፦ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ስፓምሃውስ የተባለው ድርጅት ኢሜይል በቀጥታ ሊወጣባቸው የማይገባ የመኖሪያ ቤት አድራሻዎችን ይመዘግባል፤ ብዙ ተቀባዮችም ከዝርዝሩ የመጣውን ይመልሳሉ። ኢሜይል የሚተላለፍበትን ፖርት 25ን ለቤት ደንበኛ የሚዘጉ አቅራቢዎችም በየአገሩ ሞልተዋል።

ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኬአይኤም የተባለ ማረጋገጫና የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ፣ ማለትም አይፒውን ወደ ስም የሚመልስ መዝገብ፣ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹን የዶሜይኑ ባለቤት ማታ ቁጭ ብሎ ያስተካክላቸዋል። የተገላቢጦሹን መዝገብ ግን ማስገባት የሚችለው የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም ቴሌኮሙ ብቻ ነው። በጋራ አድራሻ ላይ ደግሞ የማያውቁት ሰው በላከው ስፓም የእርስዎም ደብዳቤ ይታገዳል።

የሚያዋጣው መቀበያውንና ማኅደሩን ቤት አድርጎ የሚወጣውን በሪሌ፣ ማለትም ደብዳቤውን ተቀብሎ በራሱ ሰርቨር በሚያስተላልፍ አገልግሎት፣ በኩል መላክ ነው። ታነሉ የተሠራው ለድረ ገጽ ስለሆነ ለመቀበያውም ቋሚ አይፒ ያስፈልጋል።

ተረት፦ «ሰርቨሩ ቤቴ እስካለ ማንም አያቋርጠኝም።»

እውነታ፦ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጅቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ አዳማ ወይም ሻሸመኔ ያለ የቤት ሰርቨር ቢበራም ከውጭ አይታይም። የገጹ ቅጂ ሌላ አገር ከተቀመጠና የዶሜይኑ መግቢያ የሚታመን ሰው ዘንድ ካለ ግን፣ ውጭ የሚኖር ዘመድ አድራሻውን ወደ ቅጂው ለማዞር ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።