ሞደሙ ምን ሆነ? ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ እምቢ ስለሚል የስልክ ኢንተርኔት

ኢንተርኔት በተራ የስልክ መስመር ይገኝ በነበረበት ዘመን፣ ቫይረስ ላጠቃው ኮምፒዩተር የብዙዎች መድኃኒት አንድ ነበር፤ ሀርድ ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስ ኤክስፒን እንደ አዲስ መጫን። ኮምፒዩተሩ ይፈጥናል፤ ኢንተርኔቱ ግን አይገባም። የነጻ ትምህርት ማመልከቻው ቀነ ገደብ የደረሰበት ተማሪ በዚህ ጊዜ የሚወቅሰው የስልክ መስመሩን ነበር። መስመሩ ግን ትናንትም ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው ኮምፒዩተሩ ነው። ስለዚህ ምርመራችንን ከተለወጠው ነገር እንጀምራለን።

አስቀድመን ሞደም ምን እንደሚሠራ እንመልከት። የስልክ መስመር የተዘረጋው ለሰው ድምፅ በመሆኑ፣ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድግግሞሽ ብቻ ነው። ሞደም የኮምፒዩተሩን ዜሮና አንድ በዚህ ጠባብ በር ሊያልፍ ወደሚችል ድምፅ ይለውጣል፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣውንም መልሶ ይተረጉማል። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ቀመር ብናሰላ፣ የምልክቱ ኃይል ከጫጫታው 3000 ጊዜ ያህል ቢበልጥ፣ በሰከንድ ማለፍ የሚችለው 36,000 ቢት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቪ.90 የተባለው ደረጃ ወደ ተጠቃሚው በሚመጣው አቅጣጫ እስከ 56,000 ቢት የፈቀደው ይህን ሕግ ጥሶ አይደለም፤ አገልግሎት ሰጪው ከስልክ ማዕከሉ ጋር በዲጂታል መስመር ስለሚገናኝ፣ አናሎግን ወደ ዲጂታል ሲለውጡ የሚፈጠረው ጫጫታ በዚያ አቅጣጫ ስለሚቀር ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚከናወነው የት ነው? የችግሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቀድሞዎቹ ውጫዊ ሞደሞች የሚያሰላው በሞደሙ ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በርካሽ ኮምፒዩተሮች ይገጠሙ የነበሩት ብዙዎቹ ግን «ሶፍት ሞደም» የሚባሉት ነበሩ። በእነዚህ ካርዱ መስመሩን ከማንሳትና ድምፁን ወደ ቁጥር ከመለወጥ ያለፈ ሥራ የለውም፤ የቀረውን ድራይቨሩ በኮምፒዩተሩ ፕሮሰሰር ላይ ያሰላዋል። እንግዲህ ዲስኩ ሲጸዳ የጠፋው ተራ ፋይል ሳይሆን የሞደሙ ግማሽ አካል ነው። ምልክቱም በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የሚታየው ቢጫ የጥያቄ ምልክትና «ሞደሙ አልተገኘም» የሚለው ስሕተት 797 ነው። በዚህ ጊዜ «ድራይቨሩን ከኢንተርኔት አውርድ» ብሎ መምከር፣ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ለቆለፈ ሰው «ገብተህ ቁልፉን አምጣ» እንደ ማለት ነው። ካርዱን አውጥቶ በቺፑ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥር መመዝገብ፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ግድ ነበር።

ድራይቨሩ ተገኝቶም ግንኙነቱ እምቢ ካለ፣ ጆሮ ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል። አብዛኛው ሰው የሚጠላውን የሞደም ጩኸት እኛ እንወደዋለን፤ ደረጃ በደረጃ የሚነገር ሪፖርት ነውና። የመደወያ ድምፅ ጭራሽ ካልተሰማ (ስሕተት 680)፣ ገመዱ ለስልክ ማጫወቻው በተሠራው ቀዳዳ ገብቶ ይሆናል። ድምፁ እየተሰማ 680 ከመጣ ደግሞ፣ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ስልክ ማዕከል የሚሰጠውን ድምፅ ሞደሙ አላወቀውም ማለት ነው፤ «የመደወያ ድምፅ ጠብቅ» የሚለውን ምርጫ ማጥፋት ይበቃል። ሞደሙ ቁጥሩን ደውሎም የመደወያው ድምፅ ካልተቋረጠ፣ ማዕከሉ ምናልባት የድሮውን የምት አደዋወል ብቻ የሚያውቅ ነው፤ አዲሱ ዊንዶውስ ግን የቀድሞውን ምርጫ ረስቶ በድምፅ እየደወለ ነው። የ2100 ኸርዝ ቀጭን ፉጨት ከተሰማ፣ ወዲያኛው ሞደም መልሷል ማለት ነው። ይህ ፉጨት በመስመሩ ላይ ያሉት ማሚቶ አጥፊዎች ሥራቸውን እንዲያቆሙ የሚያዝም ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሻካራ ጩኸት ሁለቱ ሞደሞች የመስመሩን ጥራት ለክተው በፍጥነት የሚስማሙበት ነው፤ ጩኸቱ ተደጋግሞ ከተቋረጠ፣ መስመሩን መጠርጠር ተገቢ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ስሕተት 691 ብዙ ምርምር አያሻውም፤ ሞደሙ ሥራውን ጨርሷል፣ የተሳሳተው ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ነው። ለዓመታት በኮከብ ምልክት ተሸፍኖ የኖረው ቃል ከዲስኩ ጋር ስለጠፋ፣ ባለቤቱ ከወረቀት ላይ መፈለግ ነበረበት።

ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014 አቁሟል፤ በአሜሪካ የታወቀው ኤኦኤልም የስልክ ኢንተርኔቱን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ዘግቷል። ይሁን እንጂ ዛሬም ዊንዶውስ እንደ አዲስ የተጫነለት ላፕቶፕ የዋይፋይ ድራይቨሩን አጥቶ በዚያው አዙሪት ውስጥ ሲገባ እናያለን። ልዩነቱ፣ የአሁኑ ተጠቃሚ የአንድሮይድ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ድራይቨሩን እስኪያወርድ ድረስ ኢንተርኔት ሊበደር መቻሉ ነው።