ስቴም ሴል ሁሉን ያድናል? ቤት ከመሸጣችሁ በፊት

በቅርቡ አንዲት እናት ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጇን ይዛ መጣች። ስልኳ ላይ የውጭ አገር ክሊኒክ ማስታወቂያ አሳየችኝና «ዶክተር፣ በስቴም ሴል ይድናል ብለውኛል፤ ቤቴን ልሽጥ?» አለችኝ። መልሴን ለእናንተም ላካፍል።

የቆዳችን፣ የልባችንና የአንጎላችን ህዋሶች የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው። ታዲያ ለምን ተለያዩ? ዲኤንኤን እንደ ወፍራም መጽሐፍ አስቡት። የልብ ህዋስ የልብን ገጽ ይከፍታል፣ የቆዳ ህዋስ የቆዳን። ስቴም ሴል ደግሞ ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት ህዋስ ነው።

የማይነበበው ገጽስ ተቀዶ ይጠፋል ወይስ ተዘግቶ ይቀመጣል? ይህን የመረመረው እንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ነው። ተማሪ ቤት ሳለ በባዮሎጂ ከ250 ልጆች መጨረሻ የወጣ ሰው! በ1950ዎቹ ኦክስፎርድ የዶክትሬት ተማሪ ሆኖ ሙከራውን ጀመረ። የእንቁራሪት እንቁላል ኒውክለስን በጨረር አጠፋና፣ ገና ጭራ ካላት የእንቁራሪት ግልገል አንጀት የወሰደውን ኒውክለስ ተካበት። ብዙዎቹ ከሸፉ። ጥቂቶቹ ግን አድገው እንቁራሪት ሆኑ! ገጹ ተዘግቶ ነበር እንጂ አልተቀደደም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካና ባልደረባው ታካሃሺ በ4 ጂኖች ብቻ የአይጥ ቆዳ ህዋስን ወደ ስቴም ሴልነት መለሱት። በ2012 ጉርደንና ያማናካ ኖቤል ተሸለሙ።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ገጹን መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ትክክለኛውን ገጽ ብቻ፣ በትክክለኛው ሰዓትና ቦታ መክፈት ሌላ። መንገዱን የሳተ ህዋስ ዕጢ ሊሆን ይችላል። በ2017 በወጣ የሕክምና ዘገባ፣ አሜሪካ ውስጥ ከራሳቸው ስብ የተወሰደ «ስቴም ሴል» ዓይናቸው ውስጥ የተወጉ ሦስት ሴቶች የማየት አቅማቸውን ክፉኛ አጥተዋል።

በተግባር የተረጋገጠው እንደ ሉኪሚያ ላሉ የደም በሽታዎች የሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። ሴሬብራል ፓልሲን እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም።

ስለዚህ ክሊኒኩን እነዚህን ጠይቁ፦
1. ሕክምናው በተቆጣጣሪ አካል ጸድቋል?
2. ምርምር ከሆነ ለምን ታስከፍላላችሁ?
3. አንዱ መርፌ እንዴት ስኳርንም፣ ኦቲዝምንም፣ ሽባነትንም ያድናል?
4. ችግር ቢፈጠር ማን ይከታተለዋል?

ለእናትየው «ቤትሽን አትሽጪ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየች፣ እንባዋ መጣ። ተስፋዋን መንጠቅ ከባድ ነው። ግን የሚጠቅመው ነገር አለ፤ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላክኋቸው፣ ቤት ውስጥ የሚያሠሩትንም አሳየናት። ቤቱ ለልጁ ያስፈልገዋል።

በዚህ ጉዳይ የተጨነቀ ዘመድ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።